ሲወድቅ የሚነሣ ሰርቨር፦ የድረ ገጽ የሥራ ፕሮግራሞችን ስለ መሥራትና ስለ ማስተናገድ

የትምህርት ተቋሞቻችን የተማሪ ምዝገባን፣ የውጤት አያያዝን፣ የክፍያ ሒሳብንና የመምህራንን የግል ማኅደር ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ማሸጋገር ከጀመሩ ወዲህ ስለ ዕቃው ዓይነት፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሥልጠናው ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ዕለት ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በባንክ፣ በስልክና በንግድ ሥራ የተሠማሩ ድርጅቶች ይህንን ጥያቄ ባለፉት 50 ዓመታት ውስጥ በምን መንገድ እንደ መለሱትና ከመልሶቻቸው መካከል ለአንድ ኮሌጅ ወይም ለአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠቅመው የትኛው እንደ ሆነ ማብራራት ነው። አንባቢው የኮምፒዩተር ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ማባዛትና ክፍልፋይ ካወቀ ይበቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባገለገለበት አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሠልጣኞች ውጤት ይያዝ የነበረው በሬጅስትራሩ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ ጥሩ ፕሮግራም ነበር፤ መምህራኑ በየቢሯቸው ሆነው በተቋሙ የውስጥ መረብ አማካይነት ማርክ ያስገቡበታል። በሐምሌ ወር፣ የክረምት ሠልጣኞች በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ አልነሣ አለ። ቅጂ አለ ተባለ፤ አዎን፣ ነበር። በዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ በነበረው ፍላሽ ዲስክ ላይ የተገለበጠው ቅጂ ግን ሲከፈት የ7 ወር ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ። 3 ሳምንት ሙሉ ከየመምህሩ የማርክ መዝገብ እየለቀምን እንደገና ጻፍን። በዚህ መካከል አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ለደረጃ ዕድገት ትራንስክሪፕት እንድታቀርብ የተሰጣት ቀነ ገደብ አለፈ። ማርኳ በመጨረሻ አንድም ሳይጎድል ተገኘ፤ ዕድገቷ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የተበላሸው ዕቃ ዋጋ ከአንድ የቢሮ ወንበር አይበልጥም ነበር።

የድረ ገጽ የሥራ ፕሮግራም ስንል

ድረ ገጽ መጀመሪያ የታሰበው ለንባብ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሊየር ምርምር ማዕከል ሳለ እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን ሲያቀርብ የተመለከተው ሳይንቲስቶች ጽሑፎቻቸውን የሚለዋወጡበትን መንገድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ገጹ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚሞላም ሆነ፤ ቅጽ መጣ፣ ከቅጹም ጋር ንግድ፣ ባንክና ቢሮ ተከትለው ገቡ። ዛሬ ተማሪ የሚመዘገብበት፣ ነጋዴ ግብር የሚያስታውቅበት፣ መንገደኛ ትኬት የሚቆርጥበት ገጽ ሁሉ የድረ ገጽ የሥራ ፕሮግራም ነው።

አሠራሩን በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት መመሰል ይቻላል። መስኮቱ ላይ የቆመው ባለጉዳይ በእጁ ያለው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ጸሐፊ ጥያቄውን ተቀብሎ ደንቡን የሚያመሳክረው ፕሮግራም ነው። ከጸሐፊው ጀርባ ያለው የማኅደር ክፍል ደግሞ የመረጃ ቋት ይባላል። ሰርቨር የሚባለው ጸሐፊውና ማኅደሩ የሚቀመጡበት፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ጥያቄ የሚጠብቅ ኮምፒዩተር ነው። ማስተናገድ ማለትም ይህንን ኮምፒዩተር ኃይል፣ መስመር፣ ቅዝቃዜና ጠባቂ ሰጥቶ ማኖር ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጸሐፊው ቢታመም ሌላ ጸሐፊ ይተካል፤ ማኅደሩ ቢቃጠል ግን የሚተካው የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከውድቀት መጠበቅና መረጃውን ከጥፋት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሻጮች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ሲሸጡ ሁለተኛውንም የሸጡ ያስመስላሉ።

የዘጠኞቹ ሒሳብ

አንድ ሰርቨር «99 በመቶ ይሠራል» ሲባል ለጆሮ ደስ ይላል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ የዚህ 1 በመቶ 87.6 ሰዓት፣ ማለትም ከ3 ቀን ተኩል በላይ ነው። 99.9 በመቶ ሲሆን 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል፣ 99.99 ሲሆን 53 ደቂቃ ገደማ፣ 99.999 ሲሆን 5 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ያህል በዓመት ይቋረጣል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዘጠኝ የመቋረጡን ጊዜ በአሥር ያካፍላል፤ ወጪውን ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያበዛዋል። መቼ እንደሚቋረጥም ቁጥሩ አይናገርም። 87 ሰዓቱ በነሐሴ በዝግ ቢሮ ቢያልፍ ማንም አያውቀውም፤ 5 ሰዓቱ በምዝገባ ዕለት ቢሆን አገር ያውቀዋል።

የበለጠ የሚያስተምረው የመደዳው ሒሳብ ነው። አገልግሎቱ እንዲሰጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የመረብ መስመር፣ ሰርቨር፣ ፕሮግራምና የመረጃ ቋት አምስቱም ባንድነት መሥራት አለባቸው እንበል። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ ቢታመኑ ድምሩ 99 አይደለም፤ 0.99 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.951 ይሆናል። ይህም በዓመት ወደ 18 ቀን መቋረጥ ነው። በሌላ በኩል ሁለት ሰርቨሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቢተካ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚወድቁበት ዕድል አንድ መቶኛ ሲባዛ በአንድ መቶኛ፣ ከአሥር ሺህ አንድ ይሆናል። ሁለት ተራ ማሽኖች አንድ እጅግ ውድ ማሽን የማይደርስበት ደረሱ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ማባዛት የሚሠራው ሁለቱ ውድቀቶች የማይገናኙ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን የሒሳብ መምህራን ያውቃሉ። ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ሶኬት ከተሰኩ፣ በአንድ ክፍል ካሉ፣ ወይም አንድ ዓይነት ስሕተት ያለበትን ፕሮግራም ከያዙ ሁለት መሆናቸው ለስም ነው። የይሆንታ ምዕራፍን ለምናስተምር ሰዎች ከተለመደው ከሳንቲሙና ከዳዩ ይልቅ ይህ ምሳሌ ሳይሻል አይቀርም፤ ተማሪው ውጤቱን በራሱ ስልክ ላይ ያየዋልና።

ከታንደም የተገኘ ትምህርት

ጎን ለጎን የማቆምን ዘዴ ለንግድ ሥራ አውጥተው ከሸጡት ኩባንያዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ታንደም ነው። መሥራቹ ጄምስ ትሬይቢግ ይባላል። ስሙ ራሱ ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ሆነው የሚነዱትን ብስክሌት ያስታውሳል። የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ለሲቲባንክ ተሰጠ። በዚህ ማሽን ውስጥ ዋና ዋናው ክፍል ሁሉ ጥንድ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም በአንደኛው አንጎለ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ አቻው በሌላው ላይ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ዋናው ዝም ካለ ተጠባባቂው ካቆመበት ይቀጥላል። ባንኮችና የአክሲዮን ገበያዎች ለዚህ ሲሉ ገዙት።

ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን ግን በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ጥናት ነው። ግሬይ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነበር፦ ኮምፒዩተሮች ለምን ይቆማሉ? በደንበኞች ዘንድ የደረሱትን ውድቀቶች ለቅሞ ሲመድብ ዕቃው ራሱ በመበላሸቱ የመጣው 18 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘው። ከሶፍትዌር የመጣው 25 በመቶ፣ ከኃይልና ከአካባቢ የመጣው 14 በመቶ ነበር። ትልቁ ድርሻ፣ 42 በመቶ፣ የመጣው ከአስተዳደር፣ ማለትም ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሱት፣ ከሚያስተካክሉትና ከሚጠግኑት ሰዎች እጅ ነበር። እርግጥ ይህ የተለካው ዕቃቸው በጥንድ በተሠራ ማሽኖች ላይ ስለሆነ የዕቃ ብልሽት ድርሻ ማነሱ አያስደንቅም። ያም ሆኖ ለዕቅድ ባለሙያ ቁጥሩ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ የበጀቱ ዓምድ «ዕቃ ግዥ» ብቻ ሆኖ የጠባቂው ሥልጠናና ደመወዝ ባዶ ከተተወ ገንዘቡ የተመደበው ለ18ቱ ሲሆን 42ቱ ተረስቷል።

ከዚያው ጥናት ሌላም አስደናቂ ነገር ይገኛል። ግሬይ ከጠቀሳቸው 132 የሶፍትዌር ብልሽቶች መካከል ሥራው እንደገና ሲሞከር ተመልሶ የመጣው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት ሁሉ አልፎ ሂያጅ፣ ሁለት ነገሮች ባልታሰበ ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ የሚፈጠሩ ነበሩ። በየቢሮው «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች ሲያፍሩበት የኖሩት ይህ ምክር በሥርዓት ከተያዘ የሳይንስ መሠረት ያለው ዘዴ ነው፤ ቀጥሎ የምናየው መድረክ የተገነባውም በእርሱ ላይ ነው።

ኤርላንግ

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በስዊድን የኤሪክሰን ኩባንያ የኮምፒዩተር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ለስልክ ማዞሪያ የሚስማማ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ማበጀት ጀመሩ። የስልክ ማዞሪያ ልዩ ጠባይ አለው። በአንድ ጊዜ ሺህ ሰዎች ያነጋግራል፤ አንዱ ንግግር ቢበላሽ ሌሎቹ መሰማት የለባቸውም፤ ለጥገና ተብሎ ከተማውን ሙሉ ዝም ማሰኘትም አይቻልም። ቋንቋውን ኤርላንግ ብለው ሰየሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሪክሰን ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀው።

የስሙ ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1929 የኖረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ወደ ኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ከመግባቱ በፊት በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ ይህንን የምጠቅሰው የሙያ አጋርነት ስለሚያኮራኝም ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጥናት ስንት የስልክ መስመር ለስንት ደዋይ እንደሚበቃ ለማስላት መሠረት ጣለ። ስሌቱ ዛሬም ለድረ ገጽ ያገለግላል። ለምሳሌ ያህል የውጤት መግለጫ ዕለት በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,000 ሠልጣኞች ወደ ኮሌጁ ገጽ ቢገቡ በደቂቃ 50 ማለት ነው። እያንዳንዱ 6 ደቂቃ ቢቆይ በማናቸውም ቅጽበት 50 ሲባዛ በ6፣ 300 ሰው በገጹ ላይ አለ። ሰርቨሩ ቀርፎ የእያንዳንዱ ቆይታ 12 ደቂቃ ቢሆን ቁጥሩ 600 ይሆናል፤ ሰርቨሩም በበለጠ ይቀርፋል፤ ሠልጣኞቹም ትዕግሥት አጥተው ቁልፉን ደግመው ደጋግመው ይጫናሉ። አዲስ ሰው ሳይጨመር ወረፋው ራሱን ይመግባል። በውጤት ዕለት ገጾች ከረፋዱ እስከ ማታ የሚሰወሩት ባመዛኙ በዚህ ሰንሰለት ነው።

ወደ ቋንቋው እንመለስ። ኤርላንግ ሥራውን እጅግ ብዙ ለሆኑ ትናንሽ ሂደቶች ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ባለጉዳይ የራሱ ሂደት ይሰጠዋል፤ ሂደቱ የሚወስደው ቦታ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለ ሆነ በአንድ ማሽን ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሂደቶችን ማኖር ይቻላል። ሁለት ሂደቶች አንድ ማስታወሻ አይጋሩም፤ የሚነጋገሩት መልእክት በመላላክ ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ የሌላውን ደብተር ከፍቶ መጻፍ የማይፈቀድለት ቢሮ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱ ሂደት መሞት የሌላውን ደብተር አያበላሽም።

ሁለተኛው ዓምድ ተቆጣጣሪው ነው። ተቆጣጣሪ የሚባለው ሂደት ራሱ ባለጉዳይ አያስተናግድም፤ ሥራው በሥሩ ያሉትን መጠበቅና ሲሞቱ በንጹሕ ሁኔታ እንደገና ማስነሣት ነው። የተቆጣጣሪው ደንብ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሞት እርሱን ብቻ ማስነሣት፤ ወይም አንዱ ሲሞት ሁሉንም አቁሞ ሁሉንም ማስነሣት፤ ወይም የሞተውንና ከእርሱ በኋላ የጀመሩትን ብቻ ማስነሣት። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው ሂደቶቹ በምን ያህል እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ ታይቶ ነው። ገደብም አለው። ለምሳሌ አንድ ሂደት በ5 ሴኮንድ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ከሞተ ተቆጣጣሪው «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ ራሱም ይሞታል፤ ጉዳዩም ወደ በላዩ ተቆጣጣሪ ይተላለፋል። የትምህርት ቤትን አደረጃጀት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍል ኃላፊው መምህር የማይችለውን ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ፣ ተጠሪው ለርእሰ መምህሩ እንደሚያስተላልፈው ነው። ልዩነቱ ኤርላንግ ውስጥ ማንም ችግሩን በመሳቢያ ደብቆ ማቆየት አለመቻሉ ላይ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ አራማጆች ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚሰጡት ምክር በመጀመሪያ ሲሰማ ያስደነግጣል፦ ያልጠበቅኸው ነገር ሲመጣ አታስታምመው፣ ይውደቅ ይላሉ። በአብዛኛው ሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ያላወቀው ሁኔታ ሲገጥመው እንደ ምንም ለመቀጠል ይሞክራል፤ የተበላሸ ቁጥር ይዞም ወደ ማኅደር ክፍሉ ይገባል። እዚህ ግን ሂደቱ ወዲያው ይሞታል፤ ምክንያቱ ይመዘገባል፤ ንጹሕ ተተኪ ይነሣል። ግሬይ እንዳሳየው ብልሽቱ ባመዛኙ አልፎ ሂያጅ ስለ ሆነ ተተኪው ሥራውን ይወጣዋል። ከዚህም በላይ ኤርላንግ የአንድን ፕሮግራም ክፍል አሮጌና አዲስ ቅጂ ባንድ ጊዜ ይዞ፣ የተጀመረው ሥራ ባሮጌው እንዲያልቅ፣ አዲሱ በአዲሱ እንዲጀመር ማድረግ ይችላል። ለማሻሻያ ተብሎ በር አይዘጋም።

ይህ ለስልክ የተሠራ መድረክ ለድረ ገጽ ሥራ መስማማቱ ኋላ ላይ ታየ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመሠረት ሰርቨሮቹን በኤርላንግ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ግንኙነት ባንድ ጊዜ መያዙን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ሲገዛው ተጠቃሚዎቹ 450 ሚሊዮን ያህል፣ ሠራተኞቹ ግን ከ60 ያነሱ ነበሩ። ብራዚላዊው ጆዜ ቫሊም ኤሊክሲር የተባለውን ቋንቋ በዚሁ መድረክ ላይ ስለ ሠራና ፊኒክስ የተባለው የድረ ገጽ ማዕቀፍ ስለ ተጨመረበት ዛሬ አንድ ወጣት ፕሮግራመር የስልክ ማዞሪያ ዕውቀት ሳይኖረው ሊጠቀምበት ይችላል።

ማጋነን ግን አይገባም። ስለ አንድ የኤሪክሰን ማዞሪያ ዘጠኝ ዘጠኞች፣ 99.9999999 በመቶ፣ ተብሎ የሚጠቀሰው አኃዝ በየጽሑፉ ይደጋገማል። ይህ በዓመት ከ32 ሚሊሴኮንድ ያነሰ መቋረጥ ነው። የተገኘው ግን በጥቂት ማሽኖች ላይ ለተወሰነ ጊዜ በተደረገ ልኬት ስለ ሆነ የዋስትና ቃል አድርጎ የሚያቀርብ ሻጭ ቢመጣ በትሕትና መሸኘት ነው። ምንም ዓይነት ቋንቋ ቢመረጥ ደግሞ መብራት የጠፋበትን አንድ ማሽን ሊያስነሣ አይችልም። ቢያንስ ሁለት ማሽን ያስፈልጋል። ሁለቱ እርስ በርስ ሳይሰማሙ ቢቀሩና እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ብሎ ብቻውን መዝገብ መያዝ ቢጀምር ሁለት የተለያየ ማኅደር ይፈጠራል። ለዚህ ነው ጥንቁቆች ሦስት የሚያደርጉት፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልተገናኙ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላምና ውሳኔ አይጻፍም።

ሳይቆም የሚሳሳት ሰርቨር

እስካሁን የተናገርነው ስለ መቆም ነው። ከመቆም የከፋ ነገር አለ፤ ይኸውም ቆሞ ሳይሆን እየሠራ መሳሳት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አንባቢያን ያስታውሳሉ። ለጥቂት ሰዓታት ደንበኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑ ተገለጸ። ባንኩ ራሱ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ፤ ገንዘቡ እንዲመለስም ዘመቻ ተደረገ። በዚያ ሌሊት መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ጸሐፊውም ፈጣን ነበር፤ በዘጠኞቹ ሒሳብ ቢለካ እንከን አይገኝበትም።

ይህንን የሚከላከለው የመረጃ ቋቱ የግብይት ሥርዓት ነው። የግብይት ሥርዓት ማለት አንድ ሥራ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይም ጨርሶ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል ማለት ነው። ከአንዱ ሒሳብ 500 ብር ተቀንሶ በሌላው ላይ ሳይጨመር መብራት ቢጠፋ፣ ሲበራ የተቀነሰው ይመለሳል። ለዚህ ዘርፍ ላበረከተው አስተዋጽኦ ያው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቷል። ለተማሪ ውጤትም ሕጉ ያው ነው። የኮርሱ ማርክ ገብቶ አማካዩ ሳይሰላ ቢቀር ትራንስክሪፕቱ ይዋሻል፤ የሚዋሽ ትራንስክሪፕት ደግሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ለማስመለስ ከገንዘብ የበለጠ ያስቸግራል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚያሠራ ኮሌጅ አንድ መስፈርት በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል፦ ሂደቱ በማንኛውም መስመር ላይ ቢሞት በቋቱ ውስጥ ግማሽ ሥራ እንዳይገኝ።

የት ይቀመጥ?

ሰርቨሩ በግቢ ውስጥ ይሁን ወይስ ከሌላ ይከራይ የሚለው ክርክር በየኮሌጁ ያልቃል ተብሎ አይጠበቅም። በግቢ የተቀመጠ ሰርቨር የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥም ለግቢው ያገለግላል፤ አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የክረምቱ መብረቅና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ግን የራሳችን ራስ ምታት ይሆናሉ። ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ባትሪ ኃይል የሚሰጠው ሰርቨሩን በሥርዓት ለመዝጋት ወይም ጄኔሬተር ለማስነሣት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ባትሪው እያረጀ ሲሄድ ያም ደቂቃ ያጥራል፤ ይህንን የሚለካ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። የተከራየው ሰርቨር ከእነዚህ ሁሉ ይገላግላል፤ በምትኩ መስመሩን የሕይወት ገመድ ያደርገዋል። የሠልጣኞች መረጃ የሰው የግል መረጃ ስለ ሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ መረጃው የት አገር፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም። በእኔ አስተያየት ለአንድ መካከለኛ ኮሌጅ የሚበጀው ዕለታዊውን ሥራ በግቢ፣ ቅጂውን በውጭ ማድረግ ነው።

ቅጂውስ? የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚል ነው። የመጨረሻው ሐረግ ትርፍ የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የሰርቨር ማዕከል ሲቃጠል የሆነውን ይመልከት። አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ቅጂያቸውን በዚያው ሥፍራ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም ባንድ ሌሊት አጡ። የእኛ መሳቢያና የእነርሱ ሕንፃ በመጠን ይለያዩ እንጂ ስሕተቱ አንድ ነው።

ሆን ብሎ ማጥፋት

ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም አቅራቢ ኩባንያ በሥራ ሰዓት፣ መሐንዲሶቹ ቢሯቸው ሳሉ፣ ከሰርቨሮቹ አንዱን በዕጣ እየመረጠ የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በዝንጀሮ ስም ጠሩት፤ ገብቶ የሚያመሰቃቅል እንስሳ ማለታቸው ነው። ከቀልዱ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ጽኑ ነው። ውድቀት መምጣቱ ካልቀረ በእኩለ ሌሊት ከሚመጣ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ተጠርቶ ይምጣ።

እኛም በአነስተኛ ደረጃ ሞከርነው። አሁን በማገለግልበት ኮሌጅ በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ ጧት 2 ሰዓት ላይ ዋናው ሰርቨር ይነቀላል፤ ከውጭ የተቀመጠው ቅጂ በባዶ ማሽን ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም የአንድ ክፍል ሮስተር ታትሞ በሬጅስትራር ካለው ከወረቀቱ ሮስተር ጋር መስመር በመስመር ይመሳከራል። ሥራውን የሚሠራው ቅጂውን የወሰደው ባለሙያ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፤ መመሪያው በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ብዙ አጨቃጨቀን፤ «የሚያውቀው ሰው እያለ» ተባለ። የሚያውቀው ሰው ግን አንድ ቀን ይዛወራል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ፈጀ። ቅጂው ተዘረጋ፣ ፕሮግራሙ ተነሣ፣ ማርኮቹ ሁሉ ነበሩ። በስም ዓምዱ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ አገኘን። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዋናው የመረጃ ቋትም ፊደላችንን በሚገባ ይይዛል። ቅጂውን የሚወስደው ትእዛዝ ግን ለላቲን ፊደል ብቻ በተዘጋጀ አሮጌ ቅንብር ይጽፍ ስለ ነበር የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ሲተካ ኖሯል። ያለዚያ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ የ4 ዓመት ማርክ በሙሉ በእጃችን ሆኖ የማን እንደ ሆነ አናውቅም ነበር። ትእዛዙ በዚያው ሰኞ ታረመ፤ አሮጌዎቹ ቅጂዎችም በአዲስ ተተኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሥራውን የሠራችው የሒሳብ ክፍል ረዳት መምህርት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀባት፤ ከ43ቱ ስሞች አንዱ ብቻ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። እርሱም ተጣርቶ ስሕተቱ በወረቀቱ ላይ ሆኖ ተገኘ።